የንጉሡ የመስክ ጉብኝት

አባቴ በአንድ በጋ አሥራ አንድ ጦርነት ተሸንፏል። አሥራ አንዱንም ጊዜ ያሸነፈው አንድ ሰው ነው፤ ሌንጂሳ የሚባል የባምባሲ ሾፌር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የእያንዳንዱን ሽንፈት ቃለ ጉባኤ የያዝኩትም እኔ ነኝ። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። የማንጎ ጭማቂ ፈስሶበት ገጾቹ እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ ግን ይነበባል። ባነበብኩት ቁጥር ያን ጊዜ አንድም ነገር እንዳልገባኝ ይገባኛል።

ጦር ሜዳው አሶሳ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ትልቁ ማንጎ ሥር ነበር። ሜዳ መባሉ ለክብሩ ነው እንጂ በር ነው። የጓዳችን መቃን በምስጥ ተበልቶ ሲወድቅ አሮጌው የእንጨት በር ሥራ ፈትቶ ቀረ፤ አባቴ ሁለት በርሜል ላይ አጋደመውና አገር አደረገው። ተራሮቹ የደረቁ የማንጎ ፍሬዎች ናቸው፤ ወንዙ ሰማያዊ የፀጉር ሪባን ነው፤ በወንዙ ላይ ከቀርከሃ ስንጥር የተሠራ ድልድይ አለ። የቁልፉ ቀዳዳ «ጥልቁ» ይባላል። ጥልቁ ውስጥ የወደቀ ወታደር እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ እኔ ከበሩ ሥር ገብቼ እለቅመዋለሁ።

ወታደሮቹ የጣት ቁመት ያላቸው የላስቲክ ምስሎች ናቸው። ባምባሲ ስደተኞች ጣቢያ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ካርቶን ሙሉ ለሾፌሩ ለሌንጂሳ ትቶለት ሄደ። ግማሾቹ መዶሻ የተሸከሙ ጺማም ድንኮች ናቸው፤ ዘውድ የደፋ ንጉሥ አላቸው። ግማሾቹ ሰይፍ የያዙ አጽሞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ክንፍ ያለው ዘንዶ አላቸው። አብሮ የመጣው የሕግ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከግማሽ በላዩን አይጥ በልቶታል። አይጥ የበላውን ምዕራፍ አባቴ በራሱ መመሪያ ተክቶታል፤ ቁጥር ሰጥቶ፣ ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ።

ሌንጂሳ መጽሐፉን የሚተረጉምለት ሰው ሲያፈላልግ አባቴን አገኘ ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ባምባሲ ውስጥ እንግሊዝኛ አንባቢ ጠፍቶ ነው ወይ በየእሁዱ አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር የሚነዳው ብሎ መጠየቅ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭንቅላት አይመጣም።

አባቴ ገላው ይባላል። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነበር፤ ሥራው ደግሞ ቢሮ አያድርም፣ ተከትሎት ቤት ይገባል። ወጡ ጨው በዝቶበት እንኳ «መጀመሪያ ጠንካራ ጎኑን እንይ» ይላል። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ ግምገማ መኖሩ ግዴታ ነበር፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ አጀንዳ፣ ሂስና ግለ ሂስ፣ መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ»። ጦርነቱ አንድ ሰዓት ከፈጀ ግምገማው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጽሕፈትሽ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው ጎረቤታችን ጋሽ አብዱልሐሚድ ነበሩ፤ የማንጎ ነጋዴ፣ የጦርነቱም ዳኛ። አፋቸውን የፈቱት በበርታኛ ነው፤ አማርኛቸው ወንድና ሴት ያምታታል እንጂ ፍርዳቸው ተምታቶ አያውቅም።

አክስቴን ማናለብሽን ደግሞ መጨረሻ ያደረግኋት ስለምወዳት ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ እኔ ማኔ እላታለሁ። እናቴ ነርስ ናት፤ በዚያ ዓመት ማንኩሽ ተመድባ በወር አንዴ ነበር የምትመጣው። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ፣ አንድ አልጋ ላይ አቅፋኝ የምትተኛው ማኔ ነበረች። ፀጉር ቤት ስለምትሠራ የቅባትና የካስክ ሽታ ይዛ ትገባለች፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲሸተኝ እንቅልፌ ይመጣል። ወታደሮቹን የቀባቻቸው እሷ ናት፤ ድንኮቹን በጥፍር ቀለም፣ አጽሞቹን በዓይን ኩል። የዘንዶውን አሥራ ሁለት ጥፍሮች አንድ በአንድ ቀይ አድርጋቸዋለች፤ በየእሁዱም «ትንሽ ተላጠ» እያለች ሌንጂሳ አጠገብ ተቀምጣ ደግማ ትቀባለች። ዘንዶውን የምትወደው መስሎኝ እቀና ነበር።

የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ «አጀንዳ አንድ፦ የንጉሡ አሟሟት» ይላል።

ትዝ ይለኛል። የአባቴ ድንኮች ተራራ ላይ መሽገው አጽሞቹን በመዶሻ ፈጭተው ጨርሰዋል። ድሉ እጃቸው ገብቷል። አባቴ ግን ንጉሡን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ብቻውን ድልድዩን አሻገረውና የዘንዶው አፍ ሥር አቆመው። ሌንጂሳ ዳይሱን ሲወረውር ፊቱ ሐዘንተኛ ይመስል ነበር። ስድስት ወጣለት። ንጉሥ ከተበላ ጦርነቱ አበቃ።

«ገላው» አሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ ማንጎ በቢላ እየላጡ፣ «ንጉሥ ብቻዋን ሄደች። ለምን ሄደች?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመስክ ጉብኝት ነው። አመራር ቢሮ ቁጭ ብሎ አይመራም፤ ወርዶ ማየት አለበት።»

«ዘንዶ አፍ ውስጥ ነው ወርዶ የምታይ?»

«ችግሩ ያለው እዚያ ነዋ!»

«ጻፊ፣ ልዕልት» አሉኝ። ጻፍኩ።

ከዚያ የሌንጂሳ ግለ ሂስ ቀጠለ። ሌንጂሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቆቡን ከራሱ ላይ አውርዶ ጉልበቱ ላይ ሳያስቀምጥ ማውራት የማይችል ሰው ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሽ ገላው» አለ። «ዘንዶዬን እዚያ ማቆም አልነበረብኝም። የሰው ንጉሥ ሊጎበኝ ሲመጣ መንገድ መልቀቅ ነበረብኝ።»

«ኧረ በፍጹም! ጥሩ ነው የበላኸው። በጣም ጥሩ አድርገህ ነው የበላኸው።»

ሌንጂሳ ሲያፍር ኦሮምኛው ይቀድመዋል። «ዲሲ፣ ዲሲ፣ ተወኝ ጋሼ፤ ሰው ቤት ገብቶ ንጉሥ መብላት ምን የሚሉት ነው!»

በሁለተኛው እሁድ ሌንጂሳ ስምንት አጽም በተራ ጥልቁ ውስጥ ሰደደ። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ቀዳዳው ውስጥ ምን እንዳለ ሊያጣራ እንደገባ፣ ሰባቱ ደግሞ እሱን ፍለጋ እንደሄዱ አስረዳ። አባቴ ይህን ሲያይ ዝም አላለም፤ ድንኮቹን በሙሉ መዶሻ አስጥሎ «የሻይ ዕረፍት» ብሎ ሜዳው መሃል አስተኛቸው። የተረፈው ዘንዶ መጥቶ እንደ ቆሎ ለቀማቸው። በስድስተኛው እሁድ አባቴ የጦሩን ግማሽ «ሥልጠና ላይ ናቸው» ብሎ ካርቶን ውስጥ አስቀረ። ሌንጂሳ በበኩሉ አጽሞቹን ፊታቸውን አዙሮ ወደ ኋላ አስኬዳቸው፤ አባቴ ግን ድንኮቹን በኋላቸው አዙሮ አምጥቶ አስመታቸው።

እኔ ይህን ሁሉ ከፍተኛ የጦር ስልት መስሎኝ በጥንቃቄ መዘገብኩ። ትምህርት ቤት አባሮሽ ስንጫወት መሪያችንን ለጉብኝት ወደ ጠላት ላክሁት፤ ተይዞ ተሸነፍን። ከዚያ ወዲያ ቡድን ውስጥ አላስገቡኝም።

ዛሬ ሳነበው ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለት ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «አንተ ቅደም» «ኧረ አንተ ቅደም፣ በሞቴ» እየተባባሉ የሚቆሙትን? አባቴና ሌንጂሳ አሥራ አንድ እሁድ ሙሉ በዚያ በር ላይ እንደዚያ ቆመው ነበር። አባቴ እንግዳን በገዛ ቤቱ ማሸነፍ ነውር ነው ብሎ ያምናል። ሌንጂሳ ደግሞ ባለቤቱን በገዛ ግቢው ማሸነፍ ነውር ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱም ለመሸነፍ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ፤ ነገር ግን አባቴ በመሸነፍ የተሻለ ነበር፤ ልምድ አለው፣ መመሪያም የሚጽፈው እሱ ነው። ደግሞም የሌንጂሳ ዳይስ ከስድስት በታች አታውቅም።

ሌንጂሳ ግን ከይሉኝታ በላይ የሆነ ምክንያት ነበረው። አክስቴ በምትሠራበት ፀጉር ቤት ደጅ መኪናውን ማቆም ከጀመረ ቆይቷል። ነገሩ በሁለቱ መካከል አልቋል፤ የቀረው አባቴን መጠየቅ ነው። «ሰውየውን ዘርሬ ሳበቃ፣ በዚያው አፌ እህትህን ስጠኝ እላለሁ? አንድ ቀን ልሸነፍለት፣ ከዚያ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት እጠይቃለሁ» ብሎ ለማኔ ቃል ገብቶላታል። እንግዲህ የሷ ሠርግ የአባቴን ድል ይጠብቅ ነበር። አባቴ ደግሞ ይህን አያውቅም።

እኔም አላውቅም። እኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ለማኔ ስለ አንድ ባልደረባው ሲነግራት ሰማሁ። «ተገመገመና ካማሺ ተላከ» አላት። «ሦስት ጊዜ ደካማ አፈጻጸም ተመዝግቦበታል። መንገዱ ደግሞ ክረምት ከገባ መውጫ የለው።» በሚቀጥለው እሁድ፣ ዘጠነኛው ሽንፈት መሆኑ ነው፣ አባቴ ግምገማው መሃል እየሳቀ «በዚህ አፈጻጸሜማ እኔም ካማሺ ነኝ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ብዕሬን ይዤ ቀረሁ።

ግምገማ ምን እንደሚያደርግ አውቄያለሁ። ደካማ አፈጻጸም የሚመዘግበው ማን እንደሆነም አውቄያለሁ፤ እኔ ነኝ። ሰውየው በሦስት ከተላከ አባቴ በዘጠኝ እንዴት ተረፈ? ምናልባት የሚልኩት አሥራ ሁለት ሲሞላ ይሆናል፤ ደርዘን ሲሞላ። እናቴ ማንኩሽ ናት፤ አባቴ ካማሺ ከሄደ ቤተሰባችን በክልሉ ካርታ ላይ ተበትኖ ሊቀር ነው። በአሥረኛውና በአሥራ አንደኛው ቃለ ጉባኤ ላይ «ተሸነፈ» የሚለውን ቃል በጣም በትንሹ ጻፍኩት፤ ዛሬ በማጉያ መነጽር ካልሆነ አይታይም።

አሥራ ሁለተኛው እሁድ ሊመጣ ሲል ቅዳሜ ከሰዓት አባቴና ማኔ ማድ ቤት ሲነጋገሩ በመስኮት ሰማሁ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ ብታሸንፍ ምን አለበት?» አለች ማኔ። ድምጿ ልቅሶ ልቅሶ ይል ነበር።

«እንግዳ አሸንፌ የት ልደርስ? ደስ ብሎት ይሂድ።»

«ደስ አላለውም! ለእኔ ስትል አሸንፍ!»

«ለአንቺ ስል? አንቺን ምን አገባሽ?»

ማኔ የያዘችውን ድስት አስቀምጣ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። እሷም ስለ ካማሺ አውቃለች ማለት ነው! እኔና ማኔ ብቻ ነን የምናውቀው፤ እሷ ደግሞ አቅም አጥታለች። በዚያ ሰዓት ጦርነቱን ራሴ ልይዘው ወሰንኩ።

የፀጉር ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ዊግ የሚጣበቅበት ሙጫ አለ። አንዲት ደንበኛቸው እሱን ተቀብታ በሞተር ሳይክል ከአሶሳ ባምባሲ ስትሄድ ዊጉ ንቅንቅ እንዳላለ ማኔ ራሷ ነግራኛለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱ ጦሮች በሩ ላይ ተሰለፉ፤ ሰዎቹ ምሳ ሊበሉ ገቡ። እኔ ጠግቤያለሁ ብዬ ቀረሁ። ዘንዶውን አነሳሁት። አራት እግሮቹን፣ ሆዱን፣ ጅራቱን ቀባሁት፤ ቀብቼ እንደገና ቀባሁት። ቦታው ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ተጫንኩት። የአሶሳ ፀሐይ የቀረውን ሠራች።

የመጀመሪያው ተራ የሌንጂሳ ነበር። ዘንዶውን ያዘ። ሳበ። ዘንዶው አልመጣም፤ በሩ ግን ከበርሜሉ ላይ ብድግ አለ። ሁለት ተራራ ተንከባልሎ ወደቀ፣ አንድ ድንክ ጥልቁ ውስጥ ገባ።

ሌንጂሳ ዘንዶውን ለቀቀ። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። ቀና ብሎ ማኔን አየ፤ የጥፍር ቀለሟን ይዛ ቆማ ነበር። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር እንዴት ልበላችሁ፤ ክረምት ጭቃ ውስጥ ሰምጦ የነበረ መኪና ድንገት ተነስቶለት የሚሄድ ሾፌር ፊት ነበር። እኔ ድንጋጤ መሰለኝ።

«ዘንዶዬ ዛሬ አይነሳም» አለ ቆቡን እያወለቀ። «ደክሞታል።»

አባቴ ተጨነቀ። «ምን ማለት ነው አይነሳም? አንቀሳቅሰው እንጂ!»

«አይ ጋሽ ገላው። አሥራ አንድ እሁድ ሠርቷል። ዓመት ፈቃዱን ይውሰድ።»

አባቴ በፈቃድ ጉዳይ መከራከር አልቻለም። ያለውን ሁሉ ሞከረ። ድንኮቹን ሻይ አስወጣ፤ አጽሞቹ ግን ሌንጂሳ አዟቸው የድንኮቹ እግር ሥር መጥተው ተኙ። በመጨረሻ ንጉሡን አንስቶ እንደ ልማዱ ለመስክ ጉብኝት ላከው። ዘንዶው አፍ ሥር አቆመውና «በል ንከስ» አለ፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

ጋሽ አብዱልሐሚድ እጃቸውን አነሱ። «አይቻልም። መመሪያ ቁጥር ሦስት። ‹በዕለቱ ከቦታው ያልተነሳ አውሬ መንከስ አይችልም።› ያንተ ፊርማ አለች።»

«መመሪያው ይሻሻላል!»

«ለሚቀጥለው እሁድ ይሻሻላል። ዛሬ ንጉሥ ዳይስ ትጣል።»

አባቴ ዳይሱን በሁለት ጣቱ እንደ ትኩስ ድንች ይዞ ጣለው። ስድስት። የተመታ ዘንዶ መጋደም አለበት፤ ሌንጂሳ ሊያጋድመው ሞከረ፣ በሩ እንደገና ብድግ አለ። ጋሽ አብዱልሐሚድ ዘንዶውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ለረጅም ጊዜ አሰቡበት።

«ወላሂ» አሉ፣ «ቆማ ሞተች።»

አባቴ አሸነፈ። ጮቤ ረገጥኩ። አባቴ ግን እንግዳ ላይ ወጥ እንደደፋ ሰው ቀልጦ ተቀምጧል፤ ማኔ ደግሞ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ድል እንዲህ መሆኑ ገረመኝ።

ግምገማው ተጀመረ። አጀንዳ አንድ፣ የዘንዶው ዓመት ፈቃድ። አጀንዳ ሁለት፣ የአባቴ ግለ ሂስ፤ ማሸነፉ ሆን ተብሎ እንዳልሆነ፣ እንደማይደገም ቃል ገባ። ከዚያ ሌንጂሳ ተነስቶ ቆመ። ግምገማ ላይ ተነስቶ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም።

«በልዩ ልዩ የማነሳው ጉዳይ ነበረኝ» አለ። ቆቡን ጉልበቱ ላይ ሊያስቀምጥ ፈለገ፤ ቆሞ ስለነበር መሬት ወደቀ። «ጋሽ ገላው፣ ይኸው ተሸንፌልሃለሁ። ከእንግዲህ አፍ አለኝ። ሽማግሌ እልክብሃለሁ።»

«ለዘንዶው?» አለ አባቴ።

ጋሽ አብዱልሐሚድ ቢላቸውን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። «ሽማግሌ እኔ ነኝ» አሉ። «ግን ተቀምጦ ሽማግሌ አይሆንም። ቆይ ልግባ።» ተነሱ፣ የግቢውን በር ከፍተው ወጡ፣ ዘጉት። ከዚያ አንኳኩ።

«ማን ነው?» አለ አባቴ ግራ ገብቶት።

«አብዱልሐሚድ ነኝ። ለቁም ነገር ነው የመጣሁ።»

«ግቡ» ተባሉ። ገቡ። አባቴ ሽማግሌ ሦስት መሆን እንዳለበት ሲያስታውሳቸው ሁለቱን በሚቀጥለው እሁድ እንደሚያመጡ፣ ለዛሬው ግን እሳቸው ሦስት መሆናቸውን ተናገሩ። ከዚያ የማናለብሽን ስም ጠሩ።

አባቴ ሌንጂሳን አየ፣ ዘንዶውን አየ፣ እህቱን አየ። «ማናለብሽ፣ አንቺ ይህን ነገር ታውቂያለሽ?»

ማኔ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች። «አሥራ ሁለት እሁድ የላስቲክ ጥፍር ስቀባ የከረምኩት ለዘንዶው ብዬ መሰለህ?»

አባቴ ሳቀ። ሳቁ ጀምሮ አላቆም አለው፤ በሩ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሽማግሌ ሲመጣ «እንምከርበት» ነው የሚባለው፤ እሱም እንደ ደንቡ «እንምከርበት» አለ፤ ግን እንባው እየፈሰሰ ነበር የሚለው።

እኔ ሽንፈትን የመቀበያ ሥነ ሥርዓት መሰለኝ። የአሥራ ሁለተኛው ቃለ ጉባኤ መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ «በልዩ ልዩ፣ ጠላት እጁን ሰጠ። አባቴ ካማሺ አይሄድም። ማኔ በደስታ አለቀሰች።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት ትክክል።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ያጣበቅሁት ግን ለሠርግ በቃ። ከፋሲካ በኋላ ተሠረገ፤ እኔ አበባ ያዝኩ፣ ጨፈርኩ፣ ኬክ በላሁ፤ ሠርጉ የድል በዓል እስኪመስለኝ ድረስ ደስ አለኝ። በማግሥቱ መኝታ ቤት ስገባ አልጋው ላይ አንድ ትራስ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጦርነቱን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ማኔን የወሰዳት ግን እሱ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። አባቴ ቢያባብለኝ አልሰማም አልኩ፤ በእጄ የሠራሁት ነው፣ ማንን ልክሰስ?

ለመልሱ ሲመጡ ሌንጂሳን በሩ አጠገብ ለብቻው ያዝኩት። ዘንዶው በቢላ ተፈልቅቆ ተነስቷል፤ አንድ እግሩ ከነቀይ ጥፍሩ እዚያው እንጨቱ ላይ ቀርቷል።

«ተሸንፈህ እንዴት ወሰድካት?» አልኩት። «ሕጉ እንደዚያ አይልም።»

ቆቡን አወለቀ። ቁጢጥ ብሎ ቁመቱን ከቁመቴ ጋር አስተካከለ፤ አልሳቀም። እስከ ዛሬ የማከብረው ያኔ ስላልሳቀ ነው። «ልክ ነሽ» አለ። «ሕጉ እንደዚያ አይልም። እንዲህ እናድርግ፤ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ይዣት እመጣለሁ። እኔና አንቺ እንዋጋለን። ያሸነፍሽኝ ቀን ማኔ ትመለሳለች።»

«ቃል?»

«ቃል።»

መጣ። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ መጣ፤ ማኔም አብራው፤ ከሰዓት ሙሉ ፀጉሬን እየሠራችኝ እዋጋለሁ። ሌንጂሳ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ያ አጽሞቹን ቀዳዳ ውስጥ የሚሰደው ሰው ጠፋ። አንድ እግሩ የጎደለ ዘንዶ ድንኮቼን ከግራ ከበበብኝ፣ ከቀኝ ከበበብኝ፣ ድልድዬን ቆረጠው። በመጀመሪያው እሁድ በሩብ ሰዓት ጨረሰኝ። በዐሥር ዓመቴ አሸነፈኝ፣ በዐሥራ አምስቴ አሸነፈኝ፣ የማትሪክ ፈተና ሊደርስብኝ ሳምንት ሲቀረው እንኳ አልማረኝም። ጨካኝ ነው እል ነበር፤ ለአባቴ እንኳ የሚራራ ሰው ለሕፃን ልጅ እንዴት አይራራም?

ሳድግ ነው የገባኝ። ከአባቴ ጋር ሲጫወት የሚያጣው ነገር አልነበረውም። ከእኔ ጋር ሲጫወት የሚያጣት ሚስቱ ነበረች።

ሙጫውን ማን እንደቀባው ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሌንጂሳ ማኔ ናት ብሎ ያምናል። ማኔ አባቴ ነው ትላለች። አባቴ ጋሽ አብዱልሐሚድን ይጠረጥራል። ጋሽ አብዱልሐሚድ «አላህ ነው ያጣበቀ» ይላሉ። እኔም በዚህ ሁሉ መካከል መናገር ከበደኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ማኔና ሌንጂሳ መጡ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጃቸው ሐኒ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጸሐፊነቱን ከእኔ ወርሳለች። ማኔ ከኋላዋ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ትጎነጉናለች፤ «አንገትሽን አቅኚ» ትላታለች፤ እሷ ደብተሩ ላይ ትደፋለች። ጋሽ አብዱልሐሚድ አርጅተዋል፤ ማንጎውን አሁን የሚልጥላቸው አባቴ ነው።

በዚያ ቀን ሌንጂሳን ያዝኩት። አጽሞቹ አልቀዋል። ዘንዶው ጥልቁ አፋፍ ላይ ተሸጉጧል፤ ድንኮቼ በሦስት በኩል ይዘውታል፤ አንድ ዳይስ ነው የቀረኝ፣ ምንም ቢወጣ ይበቃል። ሌንጂሳ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ፤ የእውነት ላብ። ጸጉሩ የሸበተ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ለአንዲት ሕፃን የገባውን ቃል አልረሳም። ቀና ብሎ ማኔን አየ። እሷ አላየችውም፤ ጉንጉኑን እየቆጠረች ነበር።

በጣም ወደድኩት። ያን ጊዜ ማልቀሴን፣ አንዱን ትራስ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መሸነፌን፣ ሁሉንም ወደድኩት።

ንጉሤን በሁለት ጣቴ አንስቼ ብቻውን ድልድዩን አሻገርኩት። ዘንዶው አፍ ሥር አቆምኩት። ሌንጂሳ ዳይሱን ጣለ፤ ስድስት።

«ንጉሥ ብቻዋን ሄደች» አሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ ዓይናቸው ባያይም ጆሯቸው ያያል። አባቴ ማንጎውን መላጥ አቆመ።

ሐኒ ብዕሯን አንስታ ተቆጥታ አፈጠጠችብኝ። «አሸንፈሽ ነበር እኮ! ለምን ላክሽው?»

«የመስክ ጉብኝት ነው» አልኳት። «ጻፊ።»